የመታወቂያዎቹ ጣሳ

ቢራዬን በሁለት ቁልፍ እቆልፍ ነበር። አንሶላውንና ብርድ ልብሱን በአንድ። የሠራተኞቼን መታወቂያ ግን ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከትቼ፣ ከባንኮኒው ኋላ ባለው መደርደሪያ ላይ ከሻይ ቅጠሉ አጠገብ አስቀምጥ ነበር። ለምን ትይዢዋለሽ ያለኝ ሰው የለም። በዚያን ጊዜ እኔ የማውቃቸው ባለሆቴሎች ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት፤ ልጅቱ ስትቀጠር መታወቂያዋንና ሁለት ጉርድ ፎቶ ታስረክባለች፣ እስክትለቅ ድረስ እኛ ዘንድ ይቀመጣል። አንሶላ ይዛ እንዳትጠፋ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እነሱ ከእኔ የሚወስዱት ነበር። እኔ ዘንድ ያለው የእነሱ ነገር ይሰረቃል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ የተመነጠረው ግን የሌላ ሰው ቤት ነው።

የሺወርቅ እባላለሁ። ደባርቅ፣ ወደ ዛሪማ በሚወስደው መንገድ ዳር አሥራ ሁለት አልጋ ያለው ሆቴል አለኝ። አፌ ኃይለኛ ነው። «የሺወርቅ ስትቆጣ ጭላዳው ገደል ይገባል» ይሉኛል፣ ይበሉ። በሠራተኞቼ ላይ ግን በአፌ እንጂ በእጄ ከፍቼ አላውቅም ብዬ እመካ ነበር።

ውቢት ሰይፈ ሥላሴ ከጃናሞራ፣ ከደረስጌ የመጣች ልጅ ናት። ዝምተኛ፣ ሥራዋን የምታውቅ። ሦስተኛ ዓመቷ ላይ የጎረቤታቸውን ልጅ መስከረምን ይዛልኝ መጣች። መስከረም ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ መታወቂያም አልነበራትም፤ «ዋሷ እኔ ነኝ» አለችኝ ውቢት። የመስከረም እናት ስጦታ በደረስጌ ዙሪያ የታወቀች አልቃሽ ናት፤ ያለ እሷ ሙሾ ለቅሶ ለቅሶ አይመስልም። ልጅቱም ነገሩን ከእናቷ ወስዳዋለች። ብርጭቆ ሲሰበርባት ስብርባሪውን ሰብስባ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ሙሾ ታወርድለታለች። ልቆጣ ገብቼ ስቄ የወጣሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሙሌ የሚሉት ደላላ ደንበኛዬ ነበር። ባንኮኒው አጠገብ ተቀምጦ ጥብስ እየበላ የቤይሩትን ነገር ያወራል። ልጆቹ ሲሰሙት አይቻለሁ፣ ሰሐን ይዘው ቆመው። «ሥራችሁን ሥሩ!» ብዬ በትኛቸዋለሁ። ከዚያ የበለጠ አላደረግሁም።

በ2000 ዓ.ም. መጋቢት ላይ መስከረም «ጎንደር ዘመድ አግኝቻለሁ» ብላ ለቀቀች። ወር ሳይሞላ ውቢት ወደ እኔ መጣች።

«እትየ፣ መታወቂያየን ቢሰጡኝ። ለማታ ትምህርት ልመዘገብ ነው።»

ጣሳውን ባንኮኒው ላይ ገለበጥሁት። የሁሉም አለ፣ የውቢት የለም። ነገሩ ወዲያው ነበር የገባኝ። መስከረም ለፓስፖርት ዕድሜዋ አይደርስም፤ የውቢት መታወቂያ ሃያ ሦስት ዓመት ይላል። ፎቶ ልጦ ሌላ መለጠፍ ለሙሌ ምኑ ነው? ጣሳው ደግሞ ክዳን እንጂ ቁልፍ የለው።

ያን ቀን ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ነበረብኝ። ስጦታን ማስጠራት ነበረብኝ። ሁሉም ቢቀር ውቢትን አስቀምጬ «ልጄ፣ ስምሽ ከቤቴ ተሰርቋል» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልሁ?

«ሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ረስቼው ታጥቦ ተበላሸ።»

ለቀበሌውም ይህንኑ ተናገርሁ። ጸሐፊው የሚያውቀኝ ሰው ነው፣ በሁለተኛው ቀን አዲስ መታወቂያ ጽፎ ሰጠኝ። የሠራተኛ መታወቂያ ከእጇ ጠፋ መባሉን ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። አሮጌው ተበላሸ ስለተባለ የፈለገው አልነበረም። መስከረምም በውቢት ስም ባሕር ተሻገረች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔም ቀለለኝ። በዓመቱ ስጦታ ለሕክምና ደባርቅ መጥታ ቤቴ አደረች። ጠዋት ሻይ ሳቀርብላት እጄን ያዘችኝ።

«የሺየ፣ ከጎንደር የሚመጣ ሰው አይጠፋሽም። ስለ መስከረም የሰማሽው የለም? አንድ ሻሽ ልካልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምጧ ጠፋ።»

«ደኅና ናት አሉ» አልኋት።

ማንም አላለኝም። ስጦታ ግን መረቀችኝ፣ ሻዩንም ጠጣች።

በ2002 ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ገብረ ክርስቶስ የሚባል የደረስጌ ገበሬ በግ ሸጦ ምሳ ሊበላ ገባ። ውቢት ባልዲ ይዛ ከጓሮ ስትወጣ አያት። ዱላው ከእጁ ወደቀ።

«በስመ አብ ወወልድ! አንች ልጅ… አንች ውቢት ነሽ?»

«ምነው ጋሽየ፣ ረሱኝ እንዴ?»

ሰውየው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «መርዶሽ ከተነገረ ዛሬ ሦስተኛ ቀን ነው» አላት። «ቤይሩት ሞታ እዚያው ተቀበረች ተብሎ። እናትሽ ጠጉሯን ተላጭታለች።»

ነገሩን በዝግታ ነገረን። አዲስ አበባ የሚኖር ያርጋል የሚባል የአገራቸው ሰው ነው የሰማው፤ ስሟ ውቢት ሰይፈ ሥላሴ፣ የትውልድ ቦታዋ ደረስጌ ተብሎ። ሁለት ሰዎች መርዶውን ይዘው በአውቶቡስ መጡ፣ ደባርቅ ላይ መኪና ቀየሩ። ከሆቴሌ ፊት ለፊት ማለት ነው። ገብተው «ውቢት እዚህ ትሠራ ነበር፣ መቼ ሄደች?» ብለው ቢጠይቁኝ ሁሉም ነገር እዚያው ይገለጥ ነበር። ግን መርዶ መንገድ ላይ አይወራም። ቀድሞ ከማይሆን አፍ ወጥቶ እናቲቱ ብቻዋን ሳለች እንዳትሰማው ብለው አፋቸውን ዘግተው አለፉ። ውቢትም አገሯ ከገባች ዓመት አልፏት ነበር፤ ሴት ልጅ ሳትሰናበት መሄዷ ደግሞ የተለመደ ነው። አባ ወልደ ሩፋኤል ሽማግሌዎች አስከትለው ሊነጋ ሲል የእናቷን በር አንኳኩ። እንደ ወጉ አደረጉት፣ ምንም አላጎደሉም።

«እናቴ ትሞትብኛለች!» አለች ውቢት። ነጠላዋን እንኳ እኔ ነኝ ያለበስኋት።

ጭነት መኪና አገኘን፣ ጋቢና ውስጥ ተደርድረን ተቀመጥን። ከተማውን እንደወጣን ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«እትየ፣ በእኔ ስም የሞተችው ማን ናት?»

ነገርኋት። ጣሳውን፣ ሙሌን፣ ስለ ሽርጡ የዋሸሁትን፣ ሁሉንም። ይህ ኃይለኛ የሚሉት አፌ እንደ ሕፃን ይንተባተብ ነበር።

«ሽርጤን ያጠብሁት እኔ ነበርሁ» አለች ውቢት። «ኪሱ ባዶ ነበር። እንደዋሹኝ ያን ጊዜም አውቄያለሁ። እርስዎን ማሳፈር ከብዶኝ ተውሁት። ጠይቄዎት ቢሆን ኖሮ…»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? በእጄ የነበረው የእኔ ኃላፊነት ነው።»

«እሷን ያመጣኋት እኔ ነኝ። ዋሷ እኔ ነበርሁ» አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ደረስጌ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ከዳሱ ፊት ከመኪናው ስንወርድ የስጦታን ድምፅ ሰማሁት። ወፍራም፣ የማይቸኩል ድምፅ ነው።

«አገር ሞልቶ ሳለ አፈር የሚያለብስ፣
እንዴት ባዕድ ቀብሮሽ እኛ ባዶ እናልቅስ!»

ሕዝቡ ተቀብሎ አለቀሰ። ሬሳ ስለሌለ የውቢትን የበዓል ቀሚስ መደብ ላይ ዘርግተውታል፣ ፎቶዋን ደረቱ ላይ አድርገው። እናቷ ያልጋነሽ ራሷን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ፣ ስጦታ ትከሻ ላይ ተደግፋለች። ሦስት ቀን ሙሉ ስጦታ ከጎኗ አልተለየችም፤ እህል የምታቀምሳት እሷ፣ ደግፋ የምታስወጣት እሷ።

ውቢት ዳሱ በር ላይ ቆመች።

መጀመሪያ አንድ ልጅ ጮኸ። ከዚያ የሆነውን በቅጡ አላስታውሰውም። ያልጋነሽ በእንብርክኳ ሄዳ የልጇን እግር ጨበጠች፣ እግሩ ሙቀት እንዳለው ደጋግማ ትዳስሰዋለች። አባ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን አንስተው አማተቡ። ከሁሉ ቀድማ እልል ያለችው ስጦታ ናት። ያን ሁሉ ቀን ያለቀሰችበት ጉሮሮዋ ሻክሮ፣ ግማሹ እልልታ ግማሹ ሳል ሆኖ ወጣ።

«እሰይ የኔ ልጅ! አፈሩን ለጠላትሽ!» እያለች ጉንጯን ትስማታለች። «ያሳደግሁሽን እኔን ሦስት ቀን ሙሉ አስለቅሰሽኝ፤ በይ ሙሾየን መልሽልኝ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እንባው ፊቱ ላይ ሳለ የሚስቅ ሕዝብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ዳር ላይ ቆሜ ነበር። ወደ አባ ተጠግቼ በጆሯቸው ነገርኋቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። «ዛሬ አይሆንም» አሉኝ በሹክሹክታ። «ነገ ሲነጋ፣ በወጉ…»

ወግ አልጠበቀንም። ስጦታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«ታዲያ ያች የሞተችው የማን ምስኪን ልጅ ናት? እናቷ ሳታውቅ ተቀምጣ ይሆናል እኮ። ምነው ሰው ፈልጎ ቢነግራት!»

ውቢት ከእናቷ እጅ ወጥታ ስጦታ እግር ላይ ተደፋች። ጉልበቷን አቅፋ ተንሰቀሰቀች። ስጦታ በመጀመሪያ ልታነሳት ሞከረች፣ «ምነው ልጄ፣ ምነው?» እያለች። ከዚያ ቀና አለችና እኔን አየችኝ። ለምን ከደባርቅ ድረስ እንደመጣሁ ያን ጊዜ ገባት መሰለኝ።

«የሺወርቅ» አለች። «ደኅና ናት ብለሽኛል።»

«ዋሽቼሽ ነው» አልሁ። «መታወቂያው እኔ ዘንድ ነበር። መስከረም ጎንደር አይደለም የሄደችው። መሰረቁን አውቄ ደበቅሁት።»

ትጮኻለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትመታኝ በወደድሁ ነበር። እሷ ግን መደቡ ላይ የተዘረጋውን ቀሚስ አየች፣ ፎቶውን አየች፣ የሌላ ሰው ልጅ ፎቶ። አፏን ከፈተች። ሙሾ ይወጣል ብሎ ሕዝቡ ሁሉ ጠበቀ፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከረች።

«ጨረስሁት» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «የማውቀውን ሁሉ በውቢት ስም ጨረስሁት። ለልጄ አንድ እንኳ አላስቀረሁላት። አሁን ምን ብየ ላልቅስላት?»

ያን ጊዜ ያልጋነሽ ከመሬት ተነሳች። ራሷ የተላጨ፣ ፊቷ የቆሰለ። መጥታ ስጦታን በትከሻዋ ተቀበለቻት፣ ሦስት ቀን እንደተያዘችው አድርጋ ያዘቻት። ያልጋነሽ አልቃሽ አይደለችም፣ ድምፅም የላት። «አገር ሞልቶ ሳለ» የሚለውን ጀመረችና መሐሉ ላይ ጠፋት፤ ሴቶቹ ረዷት። ስሙን ስትጠራ ግን አልተሳሳተችም። «መስከረም» አለች፣ ሕዝቡም «መስከረም» ብሎ ተቀበላት።