የተነፋው ዶሮ

ዛኪር ዛሬ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ በጅምላ የሚያከፋፍል ትልቅ ሰው ነው። እኔ ግን የማውቀው አምስተኛ ክፍል አጠገቤ ተቀምጦ ሲያሾፍብኝ ነው። የታረደ ዶሮ የክንፉ አጥንት ባዶ ነው፣ ሰብሬ ብነፋበት ደረቱ ተነሳ ብዬ ለመምህሩ ስነግረው፣ ከክፍሉ ሁሉ ቀድሞ የሳቀው እሱ ነው። መምህሩ «ባዶስ ያንተ ጭንቅላት!» ብሎ አባረረኝ። በዚያው ቀረሁ። ይኸው ዶሮ ሻጭ ነኝ።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የዛኪር ልጅ ሱሀይር ዶሮ ልትገዛ መጣች። አንዱን በእጇ አንስታ መዘን አደረገችና፣

«ጋሼ ይመር፣ እነዚህ እኮ የዳይኖሰር ዘመድ ናቸው» አለችኝ። «ሥጋ በል ዳይኖሰሮችም እንደ ወፍ አጥንታቸው ውስጥ አየር ነበረ። ከሳንባቸው የሚገባ።»

«ይሄንን አባትሽ ይስማ!»

ዛኪርን ከሱቁ ጎትቼ አመጣሁት። ለምሳዬ ያረድኩትን ዶሮ ጉሮሮውን በክር አስሬ፣ ገበያተኛው እያየ፣ ክንፉን ሰብሬ በአጥንቱ ነፋሁ። ደረቱ ቀስ እያለ ተነሳ።

«አየህ ዛኪር? እስቲ አሁን ሳቅ!»

እሱ አፉን ሳይከፍት ደንበኛዬ እትዬ ባይነሽ ጮኹ።

«ለካ! ለፋሲካ የሸጥክልኝ ዶሮ ድስት ሲገባ እፍኝ የሆነው ለዚህ ነዋ!»

«እትዬ፣ በሕይወት ያለ ዶሮ እንዴት ይነፋል? እየጮኸ አይደል የወሰዱት?»

«ታዲያ ምን ያስጮኸው ኖሯል?»

በሳምንቱ ቀበሌ ጠራኝ። ሊቀመንበሩ «ዶሮ አሳብጦ ሕዝብ መዝረፍ ኪራይ ሰብሳቢነት ነው» ብሎ፣ ዳይኖሰሮቹን ከምድር ያጠፋሁት እኔ ይመስል ግማሽ ቀን ገመገመኝ።

ዛኪር ሳልጠራው ለምስክርነት መጣ።

«ይመር ምስኪን ነው። ነገሩን ባለፈው ሳምንት ከልጄ ነው የሰማው። ከዚያ በፊት ምኑን ያውቅና!»

የሊቀመንበሩ ፊት ፈታ አለ። «እንዲያ ከሆነ በማስጠንቀቂያ ይታለፋል። እውነት ነው አቶ ይመር? ባለፈው ሳምንት ነው ያወቁት?»

ዛኪር አዎ በል እያለ ጠቀሰኝ። አዎ ብል ሱቄ ይተርፋል። ግን ያ የአምስተኛ ክፍል ጥርሱ ታየኝ።

«ውሸቱን ነው!» አልኩ ብድግ ብዬ። «ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ!»

ሊቀመንበሩ ወደ ጸሐፊው ዞረ። «ሠላሳ ዓመት ብለህ ጻፍ።»

ለእንቁጣጣሽ ሱቄ ታሽጎ ዋለ። ዛኪር በዚያ ሲያልፍ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቆሞ አነበበው። አልሳቀም። ይህችን ልብ በሉልኝ፣ አልሳቀም።