ሰው የሸሸውን የሚገዛ

ዮሚፍ በክንፉ ይቀናል። ሆዱ እስኪያር ድረስ ነው የሚቀናው። ሁለቱ በዲቪ አሜሪካ መጥተው ፍሩትቬል የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተው ኖረዋል። ዮሚፍ ማውንቴን ቪው ከተማ ኢንጂነር ሆነ፤ ክንፉ ግን የሰው ገንዘብ ተቀብሎ አክሲዮን የሚገዛ ፈንድ ከፈተ። የሚገዛው ደግሞ ገበያው የተፋውን ነው፦ የወረቀት ፋብሪካ፣ የጫማ መደብር፣ ሊዘጋ ነው የተባለለት የመርከብ ድርጅት። «ሰው ሲሸሽ እገባለሁ፣ ሰው ሲጋፋ እወጣለሁ» ይላል፤ ሌላ ጥበብ የለኝም ባይ ነው።

ጉድ የሚያሰኘው፣ ይሳካለታል። ዮሚፍ አገር ያወራለትን ገዝቶ ይከስራል፤ ክንፉ ማንም ዞር ብሎ ያላየውን ገዝቶ ያተርፋል። ይባስ ብሎ የዮሚፍ ሚስት ፀደይ እራት ላይ «ክንፉ እኮ ረጋ ያለ ሰው ነው» ትላለች። በዚያች ቃል ዮሚፍ ስንቱን እራት ትቶ ተነስቷል።

አንድ መጽናኛ ነበረችው። ክንፉ አንድ ነገር በገዛ ቁጥር ዮሚፍ ይደውልለትና ይስቅበታል።

«ብሮ፣ ያንን ቆሻሻ ገዛህ አሉ? እኔ እኮ ትናንት ሴል አደረግኩት።»

ክንፉ አይቆጣም። «እስቲ ለምን እንደሸጥክ ንገረኝ» ይልና ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። ዮሚፍም ምክሩን የተጠማ እየመሰለው ደረቱን ይነፋል።

ዘንድሮ ግን ፀደይ «ቁጠባችንን ለምን ለክንፉ አንሰጠውም?» ብላ ያዘችው። እሱ ሲከስር ከርሟልና እሺ አላት። ቅናቱን ዋጥ አድርጎ ቅዳሜ ቴሜስካል ሰፈር ካለ ሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ጋበዘው፤ ፀደይም አብራ መጣች።

«ያለኝን ሁሉ አንተ ፈንድ ውስጥ ኢንቨስት ላድርግ» አለ ዮሚፍ። ቃሉ እንደ እሬት መረረው።

ክንፉ የጠቀለለውን ጉርሻ እንደያዘ ቀረ። «አሁን የያዝኩትን የመርከብ ድርጅት አምነህበት ነው?»

«መቶ በመቶ። ዋጋው ገና ይተኮሳል።»

ክንፉ ትልቁን ጉርሻ ለዮሚፍ አጎረሰው። እጁን ጠራርጎ ስልኩን አነሳና ቢሮው ወደምትሠራው ልጅ ደወለ። «ፅጌረዳ፣ ሰኞ ገበያው እንደተከፈተ የመርከቡን አክሲዮን በሙሉ ሴል አድርጊው።»

ከዚያ ወደ ዮሚፍ ዞረ። «አትቀየመኝ ወንድሜ። አንተ ስትሸጥ ስገዛ፣ አንተ ስትገዛ ስሸጥ ነው እዚህ የደረስኩት። አንተ ከእኔ ጋር ከገባህ ማንን አይቼ እገዛለሁ፣ ማንን አይቼ እሸጣለሁ? ገንዘብህን እዚያው አቆየው። መደወልህን ብቻ አታቋርጥብኝ።»

ፀደይ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ጉርሻው ዮሚፍ ጉሮሮ ላይ ቆመ። ያጎረሰ ሰው ፊት መትፋት ነውር ነውና፣ እያነቀው ዋጠው።