አምስተኛው ሽጉጥ

ዴልበርት ለኢላማ ተኩስ የሚሆኑ አራት ትልልቅ ሽጉጦች አሉት። ሰሞኑን ግን ዲለን ከተማ፣ ሽጉጥ መሸጫው ውስጥ፣ ክንድ የሚያክል አምስተኛ አይቶ ልቡ እዚያው ቀርቷል።

"መጀመሪያ ያለህን ባለ 44 ካሊበር ሽጉጥ ሳትበረግግ ተኩስ፤ ከዚያ ትገዛለህ" አለችው ሚስቱ ሎርና።

ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ወረዱ። የሚበረግግ ሰው በሚፈተንበት የተኳሾች ልማድ ሽጉጡን ያጎረሰችው እሷ ናት፤ ከጥይቶቹ መሀል አንድ ባዶ ቀለህ ደባልቃለች፤ በስንተኛው ተኩስ ላይ እንደሚመጣ ዴልበርት አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥይቶች ሜዳውን አናወጡት። በሦስተኛው ቃታው ቀጭ ብሎ ቀረ። ምንም ሳይፈነዳ ግን አፈሙዙ ወደ መሬት ተደፋ።

"ምነው የኔ ጌታ፣ ባዶ ቀለህ አስፈራህ?"

"ነፋሱ ነው የገፋኝ።"

"ዓይንህንም ነፋሱ ነው የጨፈነው?"

"እስቲ አንቺን እንይሽ" ብሎ በተራው አጎረሰላት።

ሎርና ተኮሰች። ባዶው ላይ ስትደርስ አፈሙዙ ንቅንቅ አላለም። ሽጉጡን አራግፋ አስቀመጠችና የመኪናውን ቁልፍ አነሳች።

"ወዴት ነው?"

"ሱቁ ሳይዘጋ አምስተኛውን ልገዛ። ለራሴ።"

ዴልበርት ተከተላት። "አንዳንዴ ታስነኪኛለሽ አይደል?"