የሆሲያት ከፋይ መጋረጃ

«አሁንማ አውርጂዋ» አለች ኩምሪ፣ የሻይ ጽዋዋን ወደ አፏ አስጠግታ ከንፈሯን እየከለለች። «ከእንግዲህ ማን ይከለክልሻል?»

ኦይዲን ቀና ብላ አላየቻትም። አማቷ ሆሲያት ከተቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሳሎኑ ለሐዘን ሰማያዊ በለበሱ ሴቶች ተሞልቷል፤ ወንዶቹ ከባሏ ከኤርጋሽ ጋር ውጪ በር ላይ ቆመው ለቀስተኛ ይቀበላሉ። በሐዘን ቤት እሳት አይነድምና የማርጊላን ከተማ ጎረቤቶች ሩዙንም ዳቦውንም ሻዩንም ከየቤታቸው ያመጣሉ። ኩምሪም ጎረቤት ናት። የምታወራው ስለ መስኮቱ መጋረጃ ነው፤ ከጣሪያው ሥር እስከ ወለሉ ስለሚወርደው፣ ወፍራም ገበር ስላለው ቡናማ ከፋይ። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ቤቱን ዋሻ ያስመስለዋል።

«ነውር ነው፣ እትዬ ኩምሪ» አለች ኦይዲን በሹክሹክታ።

«ምኑ ነው ነውሩ? የከተማውን ሙሽራ ሁሉ ቤት አሳምረሽ የራስሽ እንዲህ ይጨልም? እኔ ብሆን ወይ አማቴን ወይ መጋረጃውን፣ አንዳቸውን አስወጣ ነበር።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነች። ኦይዲን ሻይ ልትቀዳ ተነሳች። ያሳፈራት የኩምሪ ወሬ አልነበረም። አስከሬኑ ከግቢ እንደወጣ ይኸው ሐሳብ በራሷ ልብ ውስጥ ብልጭ ብሎ ነበር።

ኦይዲን ቤት አልባሽ ናት፤ መጋረጃና ትራስ እየሰፋች የሰው ቤት ታሳምራለች። ደንበኛ ሲጠራት መጀመሪያ መስኮቱ ፊት ቆማ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ ታጠናለች፤ ጨርቅ የምትመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ጣሪያው ዝቅ ካለ፣ ክፍሉ ከፍ ብሎ እንዲታይ የመጋረጃውን ዘንግ ከመስኮቱ ብዙ አስበልጣ ታሰቅላለች። ለጠባብ ክፍል ስስ ነጭ ጨርቅ፣ ለትራሶቹ ከመጋረጃው ጠርዝ ጋር የሚሄድ ሐር ትቆርጣለች። ናሙና ለማየት ወደ ቤቷ የሚመጡ ሴቶች ግን ሳሎኗን ሲያዩ ይጠቃቀሱ ነበር። አንዳንዶቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጥተው አልተመለሱም።

አምና በናውሩዝ በዓል ዋዜማ፣ ሆሲያት እህቷን ልትጠይቅ መሄዷን ጠብቃ ኦይዲን ከፋዩን አወረደችና ራሷ የሰፋችውን የወተት ቀለም ስስ መጋረጃ ሰቀለች። ክፍሉ ፈካ። የምንጣፉ ቀይ ምን ያህል ቀይ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቀችው። ሆሲያት ግን ገና በሩን እንደከፈተች ፊቷን በክንዷ ከለለች።

«ይሄ ምንድን ነው? ቤቴን ፎቶ ቤት አደረግሽው?»

«እማማ፣ ትንሽ ብርሃን ይግባ ብዬ…»

«መልሺ! አሁኑኑ መልሺው!»

መልስ ሳትጠብቅ እጇን ዘርግታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ጨርቁን ጎተተችው፤ ዘንጉ ከነቀለበቱ ወረደ። ኦይዲን ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ከሰላምታ በቀር ቃል አልተነፈሰችላትም።

ወሩ እንዳለቀ ነው ሆሲያት ለደንበኛ ከተዘጋጀ መጋረጃ አጠገብ ቁጭ ብላ ቅምቅማቱን በጣቷ ስትከተል የቆየችው። «እዚህ ጋ ጠሟል» አለች።

«ቀጥ ማለቱ አይታይዎትም እንዴ?» አለቻት ኦይዲን፣ ሆን ብላ ጮክ አድርጋ።

 መጋረጃው በሳምንቱ ከደንበኛዋ ተመልሶ መጣ፤ እውነትም ጠሞ ነበር። ኦይዲን ፈትታ ሰፋችው፤ ለአማቷ ግን ትንፍሽ አላለችም።

በሦስተኛው ቀን የሆሲያት ታላቅ እህት ሮቢያ ከገጠር ደረሰች። ጥቁር መነጽር አድርጋለች፤ አንዲት ዘመዷ ክንዷን ይዛ አስገባቻት። አልቅሳ ስታበቃ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ ከፋዩን ዳሰሰችውና በረጅሙ ተነፈሰች።

«እሰይ፣ አልወረደም። ፀሐይዋ ዓይናችንን እንደ መርፌ ነው የምትወጋን።»

«ዓይናችንን?» አለች ኦይዲን። «የማንን፣ አክስቴ?»

«የእኔንና የእሷን ነዋ። የእናታችን በሽታ ነው።» ሮቢያ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። «አልነገረችሽም ማለት ነው? ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ ከጥላ በቀር የምታየው አልነበራትም።»

ኩምሪ ጽዋዋን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። 

ሆሲያት ሻይ ስትቀዳ ጣቷን የጽዋው አፍ ላይ ታደርግ ነበር። ኦይዲን እንግዳ ፊት በዚህ ስንት ጊዜ ተሸማቃለች።

«ለምን ደበቁን? ኤርጋሽ እንኳ አያውቅም።»

«እናታችን ዓይኗ ሲጠፋ ወንድማችን ከሳሎን አውጥቶ ጓሮ ክፍል አስገባት። እዚያው ሞተች። ሆሲያት ይህን በልጅነቷ አይታለች። ‹ምራቴ ደግሞ በዓይኗ ሠርታ የምታድር መጋረጃ ሰፊ ናት፤ የማታይ አማት ምን ታደርግላታለች?› ትለኝ ነበር።»

«እኔ እኮ እንደዚያ አላደርግም ነበር።»

«ነግሬያታለሁ። መች ትሰማለች!»

ኦይዲን ሴቶቹ እየሰሙ መሆኑን ረሳችው። «አክስቴ፣ እኔ… አንድ ቀን ‹አይታይዎትም እንዴ› አልኳቸው። ጮኬ።»

«የቅምቅማቱን ነው? አውርታኛለች።»

«ምን አሉ?»

«ሳቀች» አለች ሮቢያ። «እስክትታነቅ ነው የሳቀችው። ‹ዓይኔ እንደሚያይ ነው የምታስበው እኮ! እንደ ጤነኛ ሰው ተቆጣችኝ!› አለችኝ። ያን ቀን እንደተደሰተችው በስንት ዓመት ተደስታ አታውቅም።»

ኦይዲን በእነዚያ ሦስት ቀናት ለወጉ ያህል አልቅሳ ነበር። አሁን ግን በአክስቲቱ ጉልበት ላይ ተደፍታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ኩምሪ ጀርባዋን ታሻሻት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሮቢያ ልትሄድ ስትነሳ ዘመዷ ክንዷን ልትይዝ መጣች። ኦይዲን ቀደመቻት።

«እኔ ልሸኛቸው።»

እጇን ይዛት በረንዳው ጫፍ፣ ከደረጃው ራስ ላይ ቆመች። ይህን ደረጃ ሆሲያት በየቀኑ፣ የሰው እጅ ሳትይዝ፣ እየቆጠረች ትወርደው ነበር።

«እዚህ ጋ ደረጃ አለ፣ አክስቴ። ትንሽ ወረድ ይበሉ… ጎበዝ። አሁንም አንድ አለ። ቀስ ብለው… ይኼኛው ሰፋ ይላል። የመጨረሻው ነው።»

የሮቢያ እግር የግቢውን አፈር ነካ።

«አበቃ አይደል፣ ልጄ?»

«አበቃ» አለች ኦይዲን። እጇን ግን አልለቀቀችም።