ሌባ ጣት

ያነክሳል፣ ይኸው አሁንም ያነክሳል፣ ዱም ድም ዱም ድም፣ አንዱ ምት ወፍራም ቀጣዩ ቀጭን፣ አንድ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ እየገባበት እንደሚሄድ ሰካራም፣ ሙርሺድ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቅዳሜ አጋሮ ሰርግ ላይ የተቀዳውን ያዳምጣል፣ ያጠፋዋል፣ እንደገና ይከፍተዋል፣ ሰው የበሰበሰ ጥርሱን በምላሱ መነካካት እንደማይተወው፣ ይህ እኔ ነኝ? ይህን ነው በሰው ሰርግ፣ በሰው ደስታ ላይ ስረጨው የኖርኩት? ወላሂ ያስጠላል። የጽዮናዊት ድምፅ ደህና ነው፣ የኪቦርድ ተጫዋቹ የአዲስ ምትም ደህና ነው፣ ከሥር ያለው ቤዝ ጊታር ብቻ፣ የሱ ቤዝ፣ ዘፈኑን ሁሉ ተሸክሞ ይሄዳል የተባለው፣ እሱ ነው የተንሻፈፈው።

ከአጋሮ ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ጽዮናዊት ነች የነገረችው፣ ዘፋኟም የባንዱ ባለቤትም እሷ ነች፣ ቀረጻውን ሰምታ ስትጨርስ ወደ ኋላ ዞረች፣ ሙርሼ፣ ቤዙ ያነክሳል፣ አለችው በቀስታ፣ በሽተኛ እንደምትጠይቅ ሰው፣ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። የሚያነክስ ሰው እኮ ማነከሱን ያውቃል፣ እሱ ግን ቀጥ ብሎ የሚሄድ መስሎት ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ ከንፈሩን እየነከሰ፣ በሙሽሮቹ ፊት፣ አቤት ማስጠላት። ትናንት ደግሞ ደወለች። የራሳቸውን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ስቱዲዮ ገብተው ሊቀዱ ነው፣ ስቱዲዮ ደግሞ እንደ ሰርግ በእልልታ አይሸፍንም፣ ነገ ልምምድ ላይ እሰማሃለሁ አለችው፣ ካልተስተካከለ አዲስ ቤዙን በኪቦርድ ይይዘዋል፣ ግራ እጁ እኮ ትርፍ ነው፣ አትቀየመኝ እሺ ሙርሼ? እሺ፣ አላት፣ ምን ይበላት፣ የሱ የዕድሜ ልክ ልፋት ለአዲስ የትርፍ እጅ ሥራ ነው።

እጁን ያየዋል። የእህቱ የፈድሊያ ስፌት ቤት ጓዳ ውስጥ ነው፣ ሄርማታ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል፣ ትንሿ አምፕሊፋየር እግሩ ሥር ታጉረመርማለች፣ ስልኩ ላይ ምት ቆጣሪው ቲክ ቲክ ይላል። ሌባ ጣት፣ የመሀል ጣት፣ ሌባ ጣት፣ የመሀል ጣት፣ አንዲት ክር ላይ፣ አንዲት ድምፅ፣ ከጠዋት ጀምሮ። ሌባ ጣቱ ጫፉ ደንድኖ እንደ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል፣ የመሀል ጣቱ ግን ለስላሳ ነው፣ ወዙ ያልጠፋ፣ የቢሮ ሰው ጣት፣ ሥራ ሲመጣ ዘወር የሚል። ክሩ የነካው እጅ የዛገ ብረት ይሸታል፣ ሽታው ከላቡ ጋር ተደባልቆ አፍንጫው ውስጥ ቀርቷል፣ ሻይ ሲጠጣም ይኸው ሽታ፣ ትፍ።

እሺ አንተ ሰነፍ፣ ይለዋል የመሀል ጣቱን፣ ምታ፣ ጠንክረህ ምታ። ይመታል። ክሩ ከጊታሩ አንገት ጋር ተላትሞ ጧ ይላል፣ የበር መቀርቀሪያ ድምፅ። እንደገና። ጧ። ክንዱ ውስጥ እስከ ክርኑ ድረስ የሆነ ነገር ይሳሳባል፣ ድምፁ ግን ከፋ እንጂ አልተቃና፣ ቅድም አንዱ እግር አጭር ነበር፣ አሁን ደግሞ አጭሩ እግር ብረት ጫማ አጠለቀ።

መጋረጃው ይገለጣል፣ ፈድሊያ ናት፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ፣ አቦ ሙርሼ፣ ደንበኛዬ ጀነሬተር ነው ወይ እያለችኝ ነው፣ ጀነሬተር እንኳ ነዳጁ ሲያልቅ ያርፋል። ውጪ ፈድሊያ። ምሳ በልተሃል? አልበላም። እንደሱ ጥርስህን ነክሰህ ማን ያበላሃል፣ መንጋጋህን እየው፣ በል ዝቅ አድርገው፣ ሴትየዋ ቀሚስ እየለካች ነው፣ አለችና መጋረጃውን ለቀቀችው። ከወዲያ ሁለቱ ሴቶች ሲስቁ ይሰማል። በኔ ነው የሚስቁት፣ ይስቁ፣ ደግ አደረጉ።

ዝቅ አድርገው አለች። ድምፅ መቀነሻውን ለማዞር እንኳ ክንዱ ዝሏል፣ ስለዚህ ጣቱን ነው የሚቀንሰው፣ ሌባ ጣቱን፣ ከድካሙ የተነሳ፣ ክሩን መንጭቆ በመልቀቅ ፋንታ ዳሰስ አድርጎት ያልፋል፣ ድም። ከዚያ የመሀል ጣቱ፣ ድም። ቆይ። ድም ድም ድም ድም። ቆይ፣ ቆይ ቆይ። ዓይኑን ይጨፍናል፣ የትኛው ጣት ነው አሁን የመታው? አያውቅም። ያረቢ፣ አያውቅም! ደካማው አልጠነከረም እኮ፣ ጉልበተኛው ነው የተቀመጠው።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። አላለውም፣ ይልቅ ሌላ መጥላት መጣበት፣ ከመጀመሪያው የባሰ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ የሙርሺድ እጅ ብርቱ ነው ይለው ነበር፣ እሱም አምኖ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ያ ብርታት ለካ ይህ ነው፣ አንድ ሌባ ጣት ብድግ ብሎ የሌላውን ድርሻ ሁሉ መንጠቁ፣ ስሙ ራሱ እየነገረው አልሰማም፣ ስብሰባ ላይ ሌላ ሰው እንዳይናገር እንደሚጮህ ሰውዬ፣ ያንን ሰውዬ ሁልጊዜ ይጠላው ነበር፣ እሱው ነበረ። እና ይህ አዲሱ ድምፅ ትንሽ ነው፣ ለስለስ ያለ፣ ምንም ጀግንነት የለበትም፣ ይህን ማን ይሰማዋል?

ባጃጅ ውስጥ ጊታሩን ጉልበቱ መሀል አቅፎ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ ይሄዳል፣ መንገዱ በዝናብ ቦክቷል፣ ጎማው ሲንሸራተት ጣቶቹ ጭኑ ላይ ይሄዳሉ፣ ሌባ፣ መሀል፣ ሌባ፣ መሀል፣ እኩል፣ እኩል ሁኑ እናንተ ርኩሶች፣ ባለባጃጁ በመስታወት ያየዋል፣ ወንድሜ ደህና ነህ? ደህና ነኝ፣ ንዳ።

የሚለማመዱበት ክፍል ከዩኒቨርሲቲው አጥር ባሻገር የተከራዩት ሰርቪስ ቤት ነው፣ ቆርቆሮው የዝናቡን ጨዋታ ገና አልጨረሰም። ጽዮናዊት ማይኩን ይዛለች፣ አዲስ ኪቦርዱ ላይ በግራ እጁ የቤዙን መስመር ቀስ ብሎ እየሞከረ ነው፣ ሙርሺድ ሲገባ እጁን ያነሳል፣ ሌላ ዜማ ሲነካ የነበረ ያስመስላል፣ ደግ ለመሆን ነው፣ ደግነቱ ያስጠላል። ከድራሙ ኋላ ዳባ፣ አብሮ አደጉ፣ ሙዚቃ አብረው የጀመሩት ዳባ፣ አከም፣ ይለዋል በዱላው ጫፍ ሰላምታ እየሰጠው።

ይጀምራሉ። ሙርሺድ ዳሰስ ዳሰስ ያደርጋል። ጽዮናዊት እጇን ታነሳለች፣ ድምፅህ አይሰማም እኮ፣ ቤዝ አለ? አለ፣ ይላል፣ ፊቱ ይግላል፣ ጎንበስ ብሎ አምፕሊፋየሩን ይጨምረዋል፣ ጣቱን ሳይሆን አምፕሊፋየሩን፣ ብዙ፣ እስኪያስፈራው። እንደገና። አሁን ድምፁ ከወለሉ ይነሳል፣ ክብ ነው፣ ሰፊ፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ፣ ድም ድም ድም ድም፣ ጽዮናዊት ቅንድቧን ታነሳለች፣ አዲስ ወደሱ ይዞራል፣ ሆ፣ ሰሙ፣ እና ልክ ያኔ የድራሙ ምት ይወድቃል።

ዳባ ነው። የእግሩ ከበሮ ዘገየ፣ ከዚያ ሮጠ፣ ከዚያ ጭራሽ ሳተ። ይቅርታ፣ ይላል ዳባ፣ ድጋሚ። ድጋሚ ጀመሩ፣ ድጋሚ እዚያው ቦታ ወደቀ። ጽዮናዊት ማይኩን ዝቅ አደረገች፣ ዳባ ምን ነካህ፣ አንተ እኮ ስተህ አታውቅም? ምንም፣ እግሬ ነው፣ ደክሞኝ ነው፣ ይላል ዳባ፣ ሙርሺድን ግን አያየውም፣ ላቡን በክንዱ ይጠርጋል፣ እና ሙርሺድ ገባው፣ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የገባው።

ሲያነክስልኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት። እኔ ስጎትት እየጠበቀ፣ እኔ ስገፋ እየሮጠ፣ እግሩን በኔ ጉድጓድ ልክ አስለምዶ፣ አጋሮ፣ ሊሙ፣ በየሰርጉ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ፣ ሰውም እኔን እንዳይሰማ በእግሩ ሲሸፍነኝ፣ አሁን እኔ ቀጥ ስል የሱ እግር የተጣመመ መሰለ። አስተግፊሩላህ። ሰው እንዴት ይህን ያህል ራሱን ብቻ ይሰማል? ሌባ ጣቱ ክሩ ላይ ነው፣ ትንሽ ቢጫነው፣ ትንሽ ብቻ፣ የድሮው ዱም ድም ይመለሳል፣ ዳባም ወዲያው ይቃናል፣ ሁሉም የሚያውቁት ይሆናል፣ ጽዮናዊትም አዲስን በዓይኗ ትጠራዋለች፣ አለቀ፣ ውርደቱ ከዳባ ወደሱ ይዞራል፣ የሚገባውም ለሱ ነው።

ዳባ ላሽ፣ ተወው፣ እኔ ነኝ፣ ይላል ሙርሺድ፣ እኔ ነኝ የቀየርኩት፣ ልመልሰው?

ዳባ አሁን ቀና ብሎ ያየዋል። እንዳትመልሰው፣ ይላል፣ ድምፁ ቁጣ አለበት፣ ስንት ዓመት ነው የጠበቅኩት፣ አብደሃል እንዴ፣ እንዳትነካው። ከዚያ ዱላዎቹን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል፣ እግሩን ብቻ ፔዳሉ ላይ ይተዋል። ሱታ፣ ይላል፣ ሱታ ሱታ፣ ቀስ አርገው፣ እኔ እመጣለሁ።

አዲስ ከኪቦርዱ ላይ ሁለቱንም እጁን ያነሳል። ጽዮናዊት በርጩማው ላይ ትቀመጣለች፣ ማይኩን ጭኗ ላይ ታጋድማለች። ሙርሺድ ይጀምራል፣ ሌባ፣ መሀል፣ ሌባ፣ መሀል፣ ዝግ ብሎ፣ መንጋጋውን ፈትቶ፣ መጥላቱ አልለቀቀውም፣ አጠገቡ ተቀምጧል፣ ይቀመጥ፣ አሁን እሱን የሚሰማበት ጊዜ የለም፣ የዳባ እግር ይዘገያል፣ ያልፈዋል፣ ይመለሳል፣ ሊነካው ይደርስና ይስተዋል፣ ሙርሺድ አይሮጥለትም አይጎተትለትም፣ እኩል እየመታ፣ እኩል፣ የጓደኛውን እግር ዓይን ዓይኑን እያየ፣ ይጠብቀዋል።