የመሪማ እግር

መስዑድ ታንኳ መሥራት የጀመረው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ጣና ዳር ባለችው መንደራቸው፣ በእሱ ታንኳ ገብቶ የሰመጠ ሰው አልነበረም። አልነበረም ነው የምላችሁ፤ እስካለፈው ጥቅምት ድረስ።

በጥቅምት የገዛ ልጁ ሂሻም ዓሣ ሊያጠምድ ገብቶ ከዳር ርቆ ሳለ ታንኳው ከሥሩ ተበተነ። ማሰሪያው እየላላ ታንኳው የተሠራበት የደንገል ሸምበቆ አንዱ እስር ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ሄደ። ሂሻም አንዱን እስር አቅፎ ሲንሳፈፍ ሌሎች ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ጎትተው አወጡት፤ መረቡ ግን እዚያው ቀረ። ቤት ገብቶ እየተንቀጠቀጠ፣ እናቱ መሪማ ብርድ ልብስ ስትደርብለት፣ አባቱን ቀና ብሎ ሳያይ ተናገረ።

"አባዬ፣ ከእንግዲህ ለእኔ ባይሠሩልኝ ይሻላል።"

በቃ፣ ይህችን ብቻ ነው ያለው። ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ መስዑድ ዘራፍ ይል ነበር። ልጁ ሲለው ግን ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። የወለደው ልጅ በሠራው ታንኳ አልቀመጥም ካለ የማን ልጅ ሊቀመጥለት ነው? ከዚያም በላይ ደግሞ፣ ሂሻም ቢሞትስ ኖሮ?

መስዑድ እልኸኛ ነው፤ ጥፋቱን ፍለጋ ወጣ። መጀመሪያ ደንገሉን ጠረጠረ። በደንብ ሳይደርቅ ታስሮ ይሆናል ብሎ አገዳውን እየሰበረ፣ እያሸተተ፣ አንዳንዱንም እያኘከ መረመረው። ደንገሉ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ገመዱን ጠረጠረ። ገበያ ወርዶ ገመድ ሻጩን አዘዘን "የበሰበሰ ነው የሸጥህልኝ!" ብሎ በሰው ፊት ጮኸበት። አዘዘ አንድ ገመድ መዘዘና "እንካ፣ በጥሰው" አለው። መስዑድ ሳበ፣ ታገለ፣ ፊቱ በርበሬ መሰለ፤ ገመዱ ንክች አላለም። ገበያተኛው ሲስቅበት አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

የታንኳ አሠራር ላላየ ሰው ትንሽ ልንገር። የደረቀው ደንገል በእስር በእስር ይጋደማል። መስዑድ ጫማውን አውልቆ አንድ እግሩን እስሩ ላይ ያሳርፍና ገመዱን በሁለት እጁ ይስባል። መቼ ይበቃል? ዓይን አያውቀውም። እጅም ውሸታም ነው፤ ገና ሲጀምር ጠበቀ ይላል። የሚያውቀው እግር ነው። ደንገሉ እየተጨመቀ፣ እየተጨመቀ ይሄድና አንድ ቦታ ሲደርስ እምቢ ይላል፤ ያን ጊዜ በውስጥ እግሩ ይሰማዋል፣ ሰውዬውም ይቋጥራል። መስዑድ ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርገው ኖሮ እንደሚያደርገው እንኳ ልብ ብሎ አያውቅም።

ሌላም ነገር ነበረ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ሲያደርግ ውሃው እግሩን አይቀዘቅዘውም። ሌላው ሰው በንጋት ብርድ ሲንሰፈሰፍ እሱ ዘና ብሎ እግሩን እያሸ ይታጠባል። "አላህ ሲወድህ ብርዱን ያነሣልሃል" እያለ መስጊድ ደጃፍ ላይ ጎረምሶቹን ያበሽቃቸው ነበር። ውሃ ጥሙ መጨመሩን፣ ሽንቱም ሌሊት እየደጋገመ ማስነሣቱን ግን ለማንም አላወራም፤ እሱማ አያስመካ!

ነገሩን ያገኘችው መሪማ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከደጃፉ እስከ ውስጥ ጠብ ጠብ ያለ ደም አየች። የዓሣ ደም መሰላትና "ማነው ደግሞ ቤቴን ያዝረከረከው?" እያለች ስትከተለው፣ ደሙ ሄዶ ሄዶ የባሏ ተረከዝ ላይ ቆመ። መስዑድ ሻዩን እየጠጣ ነበር። ተረከዙ ላይ የቆርቆሮ ስባሪ ተሰክቷል።

"አንተ ሰውዬ፣ እግርህ!"

"ምን ሆነ እግሬ?" አለና ጎንበስ ብሎ አየው። የጎረቤት እግር ነበር የሚመስለው አስተያየቱ።

መሪማ ስባሪውን ነቀለች፣ ቁስሉን አጥባ አሰረች፣ ምንም አልተናገረችም። መሪማ ዝም ስትል ነው መፍራት። እራት ሲበላ ልብስ የምትሰፋ መስላ አጠገቡ ተቀመጠችና በመርፌዋ ጫፍ የእግሩን አውራ ጣት ጠቅ አደረገችው። እሱ ያኝካል። ደገመችው።

"ወጡ ጨው አንሶታል" አለ።

በነጋታው እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

የተቀበለቻቸው ሲስተር ዜማ የምትባል የግሽ አባይ ልጅ ናት፤ ሳቂታ፣ ጥያቄ የማይሰለቻት ነርስ። የእጁን ጣት ወጋ አድርጋ ደሙን ስትለካ ሳቋ ጠፋ። "ስኳር አለብዎት፣ አባባ። የቆየም ይመስላል" አለችው። ከዚያ አልጋው ላይ አጋደመችውና እንደ ዓሣ ማጥመጃ ክር የቀጠነች ነገር አነሣች።

"ዓይንዎን ይጨፍኑ። እግርዎን በነካሁዎት ቁጥር 'አዎ' ይበሉኝ።"

መስዑድ ጨፈነ። ጠበቀ። ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ተሰማው። መሪማ ስትተነፍስ ተሰማው። አሁንም ጠበቀ።

"ጀምሪ እንጂ፣ ልጄ" አላት።

ዓይኑን ሲገልጥ ዜማ ክሯን ወደ ቦታዋ እየመለሰች ነው፤ መሪማ በሻርፗ ጫፍ አፏን ይዛለች።

"ጨረስሁ እኮ፣ አባባ" አለች ዜማ።

የጣና ማዕበል ያላስፈራው ሰው ያን ጊዜ ፈራ። "እግሬ ሞቷል ማለት ነው?"

"አልሞተም፤ ይራመዱበት የለ እንዴ! የታመመው ወሬ የሚያመጣልዎት ነው።" ብዕር አወጣችና በመዳፏ ላይ አንዲት እብጥ ያለች ነገር ሥላ፣ ከእሷ ረጅም መስመር እስከ ክንዷ አወረደች። "ይህች የነርቭ ሕዋስ ናት። እብጧ ዋናው አካሏ ነው፤ የምትኖረው ከጀርባ አጥንትዎ ጎን ነው። ክሯ ደግሞ በጭንዎ፣ በባትዎ አልፎ እስከ አውራ ጣትዎ ይወርዳል። እሾህ ሲወጋዎት ወሬው በዚህ ክር ሽቅብ ይሮጣል።"

"ስንት ቦታ ተቀጥሎ?" መቼም ገመድ የሚያውቅ ሰው ሌላ ምን ይጠይቃል!

"አልተቀጠለም። አንዲት ሕዋስ ናት።"

መስዑድ ተነሥቶ ተቀመጠ። "ከወገቤ እስከ ጣቴ? ያለ ቋጠሮ? ውፍረቷስ?"

"በዓይን አትታይም።"

"ወላሂ!" አለ። የመጣበትን ረስቶ እግሩን ከላይ እስከ ታች ያየው ጀመር። "ታዲያ እንዲህ ቀጥና እንዴት አትበጠስም?"

"ሽፋን አላት፤ የመብራት ሽቦ ላስቲክ ይለብስ የለ? ወሬውም የሚፈጥነው በሽፋኑ ነው። ስኳር ሲቆይ ግን ክሩንም፣ ሽፋኑንም፣ የሚመግቧቸውን ቀጫጭን የደም ሥሮችም ይጎዳል። ቀድሞ የሚጎዳው ረጅሙ ነው፤ ጫፉ ከቤቱ ሩቅ ነዋ። ለዚህ ነው ከእግር ጣት የሚጀምረው። እጅዎ ገና ደህና ነው።"

"ወሬው ወገቤ ከደረሰ በኋላስ?"

"ሌላ ሕዋስ ትቀበለዋለች። ለመቀበያ ብዙ ቅርንጫፍ አላት። ግን አይነካኩም፤ በመሃላቸው ጠባብ ክፍተት አለ። የፊተኛዋ ከክሯ ጫፍ ኬሚካል ስትለቅ የኋለኛዋ በዚያ ታውቃለች። እንዲህ እየተቀባበሉ አንጎልዎ ያደርሱታል። አንጎልዎ ደግሞ በሌላ መንገድ እጅዎን ያዝዛል፤ ሳብ፣ ወይም በቃ፣ ብሎ።"

"ሳይነካኩ?"

"ሳይነካኩ።"

መስዑድ ሊስቅ አፉን ከፈተና መሃል ላይ ቆመ። ሳብ፣ ወይም በቃ። ደንገሉ አልነበረም። ገመዱም አልነበረም። ምስኪኑ አዘዘማ ምን አደረገ! "ያ አላህ፣ ልጄን ለሞት የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ እግሬ" አለና ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ።

መሪማ ትከሻውን ያዘችው። "ይመለሳል?" አለቻት ዜማን።

ዜማ አልዋሸችም። መድኃኒቱን ካላቋረጠና አመጋገቡን ካስተካከለ እንዳይብስ ማድረግ ይቻላል፤ የጠፋው ስሜት ስለመመለሱ ግን ቃል መግባት አልችልም አለች። ያለ ጫማ እንዳይራመድ፣ እግሩንም በየቀኑ አገላብጦ እንዲያይ አስጠነቀቀችው። ሲመለሱ መስዑድ ገበያ ጎራ ብሎ አዘዘን ይቅርታ ጠየቀው፤ ጮኾ እንደሰደበው፣ ጮኾ።

ከዚያ ወዲያ ሥራውን ተወው። ደንገሉ ግድግዳው ሥር ተደግፎ ቀረ። ሂሻም የሰው ጀልባ ላይ የቀን ሥራ ይውላል፤ አባትና ልጅ ሰላምታ ብቻ ሆኑ። መስዑድ ግን አርፎ አልተቀመጠም። ዓይኑን ጨፍኖ "እስቲ ንኪኝ" ይላል፤ መሪማ ከጣቱ ጀምራ ወደ ላይ እየነካካች ትወጣለች። "አዎ!" የሚልበትን ቦታ አገኙት፤ ከቁርጭምጭሚቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ወሬው እዚያ ድረስ አለ፤ ከዚያ በታች የለም። በማግስቱ ደግሞ ያስነካታል፤ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ ሊያይ።

አንድ ቀን መሪማ ሰለቻት። "የአንተን እግር ስነካካ ልኑር? እኔኮ የሚሰማ እግር አለኝ" አለችና ጫማዋን አውልቃ ወደ ደንገሉ ሄደች።

"ሴት ታንኳ ላይ? ሰው ምን ይላል?"

"ልጄ ሲሰምጥ ሰው ምን አለ?"

እስሩ ላይ ቆመች። መስዑድ ገመዱን ያዘ። "ምን ይሰማሻል?"

"ደንገል።"

"ደንገል መሆኑንማ አውቃለሁ! ምን ይላል?"

"ደንገል ምን ይላል፣ አንተ ሰውዬ?"

ያኔ ነው ጉዱ። እግሩ የሚያውቀውን አፉ አያውቀውም። ተቆጣ፣ ገመዱን ጣለ፣ መልሶ አነሣ። በመጨረሻ "ጨው የበዛበት ሰው ጎሮሮ ውሃ እንደሚቀበል ይቀበልሻል፤ ቀጥሎ ይጠግባል" አላት። መሪማ ሳቀች፤ ገባት ግን።

"አሁን?" ሳበ።

"ይቀበላል።"

"አሁን?" እጁ ገና ድሮ ጠበቀ ብሎታል።

"ይቀበላል… ሳበው… ኧረ ሳበው እንጂ፣ ጉልበትህ የት ሄደ?… ቆይ! ጠገበ!"

"በቃ?"

"በቃ!"

ቋጠረ። እንዲህ እየተጨቃጨቁ፣ መንደሩ ሁሉ እየሰማቸው፣ ጎረምሶቹም ቆመው እየሳቁባቸው ታንኳውን ጨረሱት።

ሂሻም ሲጠሩት መጣ። ታንኳው ላይ ወጣና ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ እየረገጠ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እያንዳንዱን ማሰሪያ ተረከዙን ጫን እያደረገ ሞከረ። መስዑድ ከዳር ሆኖ ያየዋል።

"አባዬ፣ ይህን ማን አሰረው?"

"እጁ የእኔ ነው። እግሩ የእናትህ ነው።"

ሂሻም አንዴ አባቱን፣ አንዴ የእናቱን ባዶ እግር አየ። ከዚያ ታንኳውን ውሃው ላይ ገፍቶ፣ መቅዘፊያውን አንሥቶ ገባ። ራቅ ብሎ ሄደ፤ ታንኳው ቀጥ ብሎ፣ አንድም እስር ሳይላላ ሄደ። መስዑድ እንባውን ለመደበቅ አልሞከረም።

አዲሱን የላስቲክ ጫማውን አድርጎ ውሃው ውስጥ ቆሟል። መሪማ አጠገቡ በባዶ እግሯ ቆማለች።

"ውሃው እንዴት ነው?" አላት።

"ቀዝቃዛ ነው።"

"እሱንማ ገመትሁ። እንዴት ዓይነት ቀዝቃዛ?"

መሪማ አሰብ አደረገች፣ ጣቶቿን አሸዋው ውስጥ ቀበር አደረገችና ትነግረው ጀመር።