ኪቦርዱ ደህና የሆነ ሰሞን

ከደብረ ታቦር ወደ ሰቆጣ ተመድቤ ስመጣ ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነበር፤ ሰው ማጣት አብሮ እንደሚመጣ የነገረኝ የለም። የአገሩ ሰው ደግ ነው። ግን ጨዋታው ሲደራ ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣኛ ይሻገርና፣ እኔ ሌሎቹ ሲስቁ እያየሁ እስቃለሁ። በቢሮው ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም የምችለው እኔ ብቻ ስለሆንኩም «ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም» እያሉ ይቀልዱብኛል።

የማንኳኳው አንድ በር ብቻ ነበረኝ፤ የመሪጌታ ገብረ ሊባኖስ በር። ከከተማው በላይ ባለው ደብር ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸው በጦርነቱ ተበትነው አልተመለሱም፤ ባለቤታቸውም አርፈዋል። አንድ የደብሩ ተወላጅ የላከላቸው አሮጌ ላፕቶፕ አላቸው፤ በቃላቸው የያዙትን የመምህራቸውን ቅኔ ይጽፉበታል። ኪቦርዱ እምቢ ሲል ይደውሉልኛል። እወጣለሁ፣ እጠግናለሁ፣ ከዚያ እስኪመሽ እንጫወታለን። ኪቦርዱ ደህና ከሆነ ግን ምን ብዬ እሄዳለሁ? ያለ ጉዳይ የሽማግሌ ቤት ማንኳኳት ያሳፍረኛል።

ብልሽቱ ግራ ያጋባል። ማሽኑ ገና ሲነሣ በሚመጣው የምርጫ ገጽ ላይ ቁልፎቹ ሁሉ ይሠራሉ፤ ሊኑክሱ ሲገባ ግን ድርቅ ይላሉ። ስለዚህ ቁልፎቹ ጤነኛ ናቸው፤ ችግሩ ኪቦርዱን ከሲስተሙ የሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ ነው። የራሴን ኪቦርድ ሰክቼ በማስነሻው ፋይል ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ድራይቨሩ ኪቦርዱን እንደ አዲስ እንዲቀሰቅሰው የሚያዝ። መሪጌታ አጠገቤ ተቀምጠው «ምን ጻፍክ? ድምፅህን አውጥተህ በለው» አሉኝ። ከፋይሉ አከፋፈት ጀምሬ ፊደል በፊደል አልኩላቸው። «ድገመው» አሉ። የቅኔ ቤት ልማድ ነው ብዬ እየሳቅሁ ደገምኩት።

በሳምንቱ ደወሉ። «ያ ነገርህ ደግሞ እምቢ ብሏል።»

ብሄድ ያስገባሁት መስመር የለም። መልሼ ጻፍኩት፤ ደግሞ ጠፋ። ሲስተሙ ራሱን ሲያድስ አጥፍቶት ይሆናል ብዬ እድሳቱን ዘጋሁ፤ ጠፋ። ዲስኩን ፈተሽኩ፤ እንከን የለበትም። ተናደድኩ። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ሊያዋርደኝ! በመጨረሻ ማሽኑ የታዘዘውን ሁሉ የሚያስቀምጥበትን ታሪክ ከፈትኩ። የማስነሻውን ፋይል የሚከፍተው ትእዛዝ እዚያ አለ፤ ሁለቴ ተሳስቶ፣ በሦስተኛው ተቃንቶ። የጻፍኩት እኔ አይደለሁም፤ ፋይሉን እየከፈተ መስመሬን የሚያጠፋ ሰው አለ። በዚያ ቤት ደግሞ ከእሳቸው ሌላ ሰው የለም።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወደ ደጅ ይመለከታሉ። ዝም አይነቅዝም ብዬ መስመሩን መለስኩና «ከእንግዲህ አይበላሽም፣ መሪጌታ» አልኳቸው። ድምፄ ሳላስበው ከረር ብሎ ወጣ።

«እንግዲያው ደግ» አሉ ቀስ ብለው። ማወቄን አውቀዋል።

ከዚያ ወዲያ ስልኬ አልጮኸም። የገበያው ቀን መጣ፣ ሄደ፤ ሌላውም እንዲሁ። ኪቦርዱ ደህና ሆነ፤ እኔም የተዋጣልኝ ባለሙያ ሆኜ ከቢሮ ቤት፣ ከቤት ቢሮ እላለሁ። እንደዚያ ሰሞን ከፍቶኝ አያውቅም። ይቅርታ ልጠይቅ እልና ለምኑ እንደምጠይቅ ይጠፋኛል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ እጄን ወጣሁ። መሪጌታ በሩን ከፍተው እጄን አዩ።

«አልተበላሸም እኮ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን አመጣህ፣ ልጄ?»

ሰበብ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። «ሰው ናፍቆኝ ነው፣ መሪጌታ። ሌላ ጉዳይ የለኝም።»

አንገታቸውን ደፉ።

«እኔ እኮ ይቺን ማለት አቅቶኝ ነው፣ ያን ሁሉ እንግሊዝኛ በቃሌ ያጠናሁት» አሉና ከበሩ ዞር አሉልኝ።